ያልነበረው በር

እማዬ ፊልሙን ለስምንተኛ ጊዜ «ክፈቺልኝ» ስትለኝ የዓይን ጠብታዋን ብልቃጥ በእጄ እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ፊልሙ የተሠራበትን መጽሐፍ ወደ ቋንቋችን መልሼ ካሳተምኩ ሠላሳ አንድ ዓመት አልፏል። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን «እስቲ ከዚያ መጽሐፍሽ ትንሽ አንብቢልኝ» ብላኝ አታውቅም። ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ጋዜጣ አስነብባኛለች፣ የመድኃኒት ወረቀት አስነብባኛለች፣ የማናውቀው ሰው የሠርግ ጥሪ በስህተት ቤታችን ቢመጣ እሱን እንኳ ሁለት ጊዜ አስነብባኛለች። የእኔ መጽሐፍ ግን ከአልጋዋ በላይ ካለው መደርደሪያ ሲወርድ አላየሁም። ፊልሙ በቴሌቪዥን ከታየ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነበር።

«ጠዋት ሰምተሽው የለ?» አልኳት።

«ልድገመው» አለች።

ፊልሙ የተቀዳበትን ፍላሽ ሰክቼ ከፈትኩላት። የታናሽ እህቴ የሚጣ ድምፅ ሳሎኑን ሞላው። እማዬ ፊቷን ወደ ድምፁ አዙራ፣ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀመጠች፤ ልናገር ስል በጣቷ ዝም አሰኘችኝ። በቀን ሦስት ጊዜ ጠብታ የማደርግላት እኔ፣ ሾርባዋን የማበርድላት እኔ፤ እኔን ዝም የሚያሰኘኝ ደግሞ የሚጣ ድምፅ። ስልሳ ዓመት የሞላው ሰው በእህቱ ይቀናል ቢባል ያሳፍራል። ያሳፍራል፤ እኔ ግን ሐፍረቱንም ቅናቱንም አንድ ላይ ተሸክሜ መኖር ከለመድኩ ቆይቻለሁ።

ሚጣ የምንላት አርባ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት ናት። ፀጉሯን በየወሩ ታስጠቁራለች፣ ሁለት ልጆች አድርሳለች፤ እስከ ዛሬ ሚጣ ናት። እኔ ደግሞ እሷ አፏን ከፈታች ጀምሮ «እትዬ» ነኝ። በአሥራ ሦስት ዓመቴ አረጀሁ ማለት ነው። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ቋንቋ ሳስተምር ኖሬ አምና ጡረታ ወጣሁ። እሷ የውጭ ፊልሞችን ንግግር ወደ ቋንቋችን ትመልሳለች፣ ራሷም ድምፅ ትሰጣለች። አንድ ቀን ሥራዋ ላይ አይቻታለሁ። ግድግዳው በስፖንጅ የተሸፈነ፣ መስኮት የሌለው ጠባብ ክፍል ውስጥ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ሰክታ በባዕድ ሴት አፍ ላይ ቃል ትገጥማለች። ሴትየዋ አፏን ስትከፍት ቃሉ መጀመር አለበት፣ ስትዘጋ ማለቅ አለበት። ያን ቀን «እትዬ፣ ያንቺ አረፍተ ነገሮች ቆንጆ ናቸው፤ ግን አፍ ከተዘጋም በኋላ አያልቁም» ብላ ሳቀች። ቀልዷን ነበር። እኔ ግን አሥር ዓመት ሙሉ አልረሳሁላትም።

መጽሐፉ በእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ዘመን የተጻፈ፣ መቶ አሥር ገጽ የማይሞላ አነስተኛ ልቦለድ ነው። ከተማው በጋዝ ፋኖስ በሚበራበት ጊዜ አንድ ፋኖስ አብሪ አንዲት ሴት ያፈቅራል። አግቢኝ ይላታል፤ በሩን ትዘጋበታለች። ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ከመስኮቷ ፊት ለፊት ያለውን ፋኖስ አብርቶ ቃል ሳይተነፍስ ይሄዳል። በመጨረሻ ፋኖሶቹ ሊነሱ ነው፣ ከእንግዲህ አብሪ አያስፈልግም ይባላል። የስንብቱ ምሽት መሰላሉን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ደጃፏ ላይ ይቆማል።

ፊልሙ በታየ ማግስት ደብተር አውጥቼ ገጹን መሀል ለመሀል አሰመርኩና በአንዱ በኩል መጽሐፉን፣ በሌላው በኩል ፊልሙን መጻፍ ጀመርኩ። በመጽሐፉ ፋኖስ አብሪው ቁመተ አጭር፣ አንድ ትከሻው በመሰላል ብዛት የወደቀ ሰው ነው፤ በፊልሙ ዘንካታ ነው፣ ጥርሱ ከፋኖሱ ይበልጥ ያበራል። በመጽሐፉ በየምሽቱ አርባ ሁለት ፋኖስ ያበራል፣ ደራሲው እያንዳንዱን ይቆጥረዋል፣ አንባቢም አብሮ ይደክመዋል፤ በፊልሙ ሦስት ፋኖስ አይተን መሽቶ ይነጋል። በመጽሐፉ ሴትየዋ መጋረጃ ስትስብ ከሚታየው እጇ በቀር ምኗም አይታይም፣ ምንም አትናገርም። በፊልሙ ግን ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምሮ መልኳ ሞልቶ ይታያል፤ ከሠራተኛዋ ጋር ታወራለች፣ ከድመቷ ጋር ታወራለች፣ ሰው ስታጣ ለራሷ ታወራለች። ሁሉንም የምታወራው በሚጣ ድምፅ ነው። ማወዳደር ደስ የሚል ሥራ ነው፣ በተለይ ከሳሹም ዳኛውም አንድ ሰው ሲሆን። ሦስት ገጽ ሞላሁ። ለፊልሙ የሰጠሁት አንድ ምስጋና ጭጋጉ ጥሩ መሆኑን ብቻ ነበር።

መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን እርሳሴ ቆመ። በፊልሙ መጨረሻ ፋኖስ አብሪው እጁን ወደ በሩ ያነሳል፣ ዝቅ ብሎ ያያል፣ እጁን ያወርዳል። ከዚያ መሰላሉን ወጥቶ ፋኖሱን ያጠፋና ይሄዳል። ንግግር የለም፤ ኮቴው፣ የመሰላሉ ሲጥሲጥታ፣ ከዚያ ሙዚቃ። በእኔ መጽሐፍ ግን ሳያንኳኳ በሩ ይከፈታል። ሴትየዋ ሻማ ይዛ ቆማለች። «መብራቱን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ዛሬስ ራስህ ግባ» ትለዋለች፣ ይገባልም። አንባቢ ከመጽሐፉ ሁሉ አብልጦ የወደደው ይህንን ነው። በደብዳቤ ጽፈውልኛል። በሠርጋቸው ቀን ያነበቡ አሉ። ትምህርት ቤት መጽሐፉ ለማስተማሪያ ተመርጦ ስለነበር «በሩ ለምን ተከፈተ?» የሚል የፈተና ጥያቄ ራሴ አውጥቼ፣ ራሴ ከአሥር አርሜያለሁ።

በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። የእንግሊዝኛውን ቅጂ ያገኘሁት አንድ ትምህርት ቤት ያረጁ መጻሕፍት ሲያስወግድ ነበር፤ ጀርባው የተላቀቀ፣ ሽታው ሻጋታ። እየተረጎምኩ ዘጠና አራተኛው ገጽ መጨረሻ ደረስኩ፤ «እጁን ወደ በሩ አነሳ» ይላል። ገለጥኩት። የሚቀጥለው ገጽ ዘጠና ሰባት ነው፤ «ከዚያ በኋላ በዚያ መንገድ ላይ ማንም አላየውም» ብሎ ይጀምራል። መሀሉ ላይ አንድ ቅጠል ተገንጥሎ ጠፍቷል። ሌላ ቅጂ በየቤተ መጻሕፍቱ ፈለግሁ፣ የለም። አሳታሚው በአሥር ቀን አድርሺ ብሎኛል። ሃያ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ስሜ በመጽሐፍ ሽፋን ላይ ሊወጣ ነው፤ «አንድ ቅጠል ጎድሎኛል» ማለት ሞት መሰለኝ። ቁጭ ብዬ በአንድ ከሰዓት በኋላ በታይፕ ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ማንም በመንገዱ ላይ ያላየው ገብቶ ስለቀረ ነው አልኩ። ስፌቱ እንኳ አይታይም ነበር። ከዚያ ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት፤ ሆዴም ሠላሳ አንድ ዓመት ፈጀው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። መጥራቱስ ይጥራ፣ በእህቴ እጅ መሆኑ ነው ያንገበገበኝ። አንድ ተስፋ ብቻ ነበረኝ፤ ምናልባት ፊልም ሠሪዎቹ ናቸው መጨረሻውን የቀየሩት፣ ምናልባት ያ የጠፋው ገጽ ላይ በሩ በእርግጥም ተከፍቶ ይሆናል።

እሑድ ሚጣ መጣች። ሁልጊዜ እሑድ ትመጣለች፤ የእማዬን ፀጉር ታጥባለች፣ ሁለት ሰዓት ታስቃታለች፣ ትሄዳለች። ስድስቱን ቀን የማስቆጣት እኔ ነኝ። የመታጠቢያው በር ሲዘጋና የእማዬ ሳቅ ሲሰማ፣ ዓይኔ ወንበር ላይ ያለው የሚጣ ቦርሳ ውስጥ ገባ። እጄም ዓይኔን ተከተለ። ለፊልሙ ሥራ ከቴሌቪዥን ጣቢያው ያዋሷት የእንግሊዝኛው መጽሐፍ እዚያ ነበር፣ አዲስ እትም፣ አንድም ቅጠል ያልጎደለው። ልፈልግ ሳልደክም በራሱ ተከፈተልኝ፤ የአውቶቡስ ትኬት እንደ ዕልባት ተሰክቶበት ነበርና። የተከፈተውም የምፈልገው ቦታ ላይ ነው። ለጊዜው ልብ አላልኩትም።

ቆሜ አነበብኩ። ፋኖስ አብሪው እጁን አንስቶ ሊያንኳኳ ሲል ዝቅ ብሎ ያያል። በበሩ ሥር ባለው ክፍተት የራሱ ፋኖስ ብርሃን ወደ ውስጥ ገብቶ ወለሉ ላይ ተኝቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ከእሱ ቀድሞ ሲገባ ኖሯል። ይህን ካየ በኋላ እጁን ያወርዳል፣ ብርሃኑን ከወለሏ ላይ ሰብስቦ የሚሄድ ይመስል ፋኖሱን ያጠፋል። በቃ፣ ይኸው ነው። ከእኔ ሁለት ገጽ እጅግ ይሻላል። ከሞተ መቶ ዓመት ባለፈው ሰው ቀናሁ። መጽሐፉን እንደነበረ መልሼ ወጥ ቤት ገባሁና የታጠበ ሳህን እንደገና አጠብኩ።

እማዬ ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ስታሸልብ ሚጣ ወጥ ቤት መጥታ ጭንቀቷን ነገረችኝ። ፊልሙ ሁለት ሰዓት ሙሉ ነው፤ ጣቢያው የሰጣት ግን አንድ ሰዓት ከአርባ ስለሆነ ሃያ ደቂቃ ያሳጠረችው እሷ ናት። አሁን ተመልካች በደብዳቤም በስልክም «የበሩን ቦታ ቆረጣችሁት፣ የመጽሐፉን ነፍስ አወጣችሁት» እያለ ጣቢያውን አጨናንቆታል። ሙሉው ቅጂ በውሉ መሠረት ወደ ባለቤቶቹ ተመልሷል። የክፍሏ ኃላፊ ደግሞ ፊልሙን ከነጭራሹ ሳያይ ነው ይታይ ብሎ የፈረመው። ባለ አሥራ ሁለት ክፍል ድራማ ሊሰጣት ነበር፤ አሁን «ቅዳሜ ቤተ መጻሕፍት በሚደረገው ውይይት ተገኝቼ የሰዉን ስሜት ካየሁ በኋላ እወስናለሁ» ብሏታል። በዚያ ውይይት ላይ ስለ መጽሐፉ እኔ፣ ስለ ፊልሙ እሷ እንድንናገር ተጋብዘን ነበር።

ይህን ነግራኝ ስታበቃ በፎጣው ጫፍ እጇን እያደረቀች አየችኝ።

«እትዬ፣ አንቺ ምን ትያለሽ? ስለ በሩ።»

አንድ ቃል ይበቃኝ ነበር። አፌ ድረስ መጣ። በዚያው ቅጽበት እማዬ ከሳሎን «ሚጣዬ ሄደች እንዴ?» ብላ ተጣራች። እኔን አልጠራችም። አፌ ድረስ የመጣው ተመልሶ ወረደ።

«ሰው የወደደውን መቁረጥ ደግ አይደለም» አልኳት።

ሚጣ ረዘም ላለ ጊዜ አየችኝ። «እሺ እትዬ» አለችና ፎጣውን አጥፋ ሰቅላው ወጣች።

የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው፤ አውቄዋለሁ። ሳምንቱን ሙሉ እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ሰነበትኩ፦ እሷ ወጣት ናት፣ ሌላ ሥራ ታገኛለች፣ እኔ ግን ከዚህች መጽሐፍ በቀር ምን አለኝ? ደግሞም ቁረጪ ያላት ማን ነው? ሃያ ደቂቃ ቆርጣ የለም? ከሃያው ደቂቃ አንዱ የእኔ በር ቢሆን ምን ይገርማል? ውሸቱን ስደጋግመው ለራሴም እውነት እየመሰለኝ መጣ። እማዬ በበኩሏ በዚያ ሳምንት ፊልሙን ሁለት ጊዜ ጨመረች፤ አሥር ሞላ። የፋኖስ አብሪው ኮቴ ሲሰማ ትንፋሿን ትይዛለች፣ ሙዚቃው ሲገባ ትለቀዋለች። አድናቆት እንዲህ ነው ብዬ በጥርሴ ትንፋሽ ሳብኩ።

ቅዳሜ ከሰዓት የቤተ መጻሕፍቱ አዳራሽ ግጥም ብሎ ሞላ። ወንበር ያጡት በመስኮቱ ደረት ላይ ተቀመጡ። እማዬን ፊተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጥናት፤ ከእሷ ቀጥሎ የክፍል ኃላፊው እግሩን አነባብሮ፣ ወረቀት ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። እኔና ሚጣ መድረኩ ላይ በአንድ ጠረጴዛ ጎን ለጎን ሆንን። ቀድሜ እኔ ተናገርኩ። ከደብተሬ አነበብኩ፦ ስለ ትከሻው፣ ስለ አርባ ሁለቱ ፋኖስ፣ ከድመት ጋር ስለምታወራው ሴት። ሰው ሳቀ፣ አጨበጨበ። ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሚጣ ስትናገር ደብተር አልያዘችም። በመጽሐፍ ዝም ያለችን ሴት በፊልም ማናገር ለምን እንደሚያስፈልግ፣ ዝምታ ገጽ ላይ እንደሚታይና ስክሪን ላይ ግን እንደማይታይ በዚያ ድምፅዋ ነገረቻቸው። ለእሷ የተጨበጨበው ለእኔ ከተጨበጨበው ይረዝም ነበር። አልለካሁትም፤ ጆሮ ግን ያውቃል።

ከዚያ ባለ ፋርማሲው ተነሳ። በልጅነቱ ያስተማርኩት ነው፤ እማዬ ጠብታዋን የምትገዛውም ከእሱ ነው። የመጽሐፌን የመጀመሪያ እትም ይዟል፣ ጠርዙ አልቋል። «በሠርጌ ቀን ያነበብኩትን ላንብብላችሁ» አለና የበሩን ገጽ ከዳር እስከ ዳር አነበበው። ከኋላ አንዲት ሴት አፍንጫዋን በመሀረብ ጠረገች። ከዚያ ወደ ሚጣ ዞረ፤ አክብሮቱን ሳይቀንስ፣ ግን ቆጣ ብሎ።

«እህታችን፣ ይህን ከቆረጡ በኋላ ምን የቀረ መስሎዎት ነው ያሳዩን?»

አዳራሹ አጉረመረመ። የክፍል ኃላፊው እግሩን አወረደ። ሚጣ ማይኩን ወደ ራሷ ሳበች፤ ወደ እኔ አላየችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ሰዓት አጠረኝና እኔ ነኝ ያስቀረሁት። መጽሐፉን የምትወዱ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ። እህቴንም ይቅርታ እጠይቃለሁ።»

የክፍል ኃላፊው ወረቀቱ ላይ አንድ ነገር ጻፈና እስክሪብቶውን ዘጋ። ያኔ የአውቶቡሱ ትኬት ትዝ አለኝ። ያ ገጽ ላይ ተሰክቶ የነበረው በከንቱ አልነበረም። ሚጣ ታውቃለች። ፊልሙን ስትመልስ ሁለቱንም መጽሐፍ ጎን ለጎን አድርጋ ስትሠራ ኖራ፣ እንዴት አታውቅም? ወጥ ቤት ውስጥ «አንቺ ምን ትያለሽ» ያለችኝ ዕድል ስትሰጠኝ ነበር። አሁን ደግሞ ዳቦዋን አሳልፋ ስትሰጥ ስሜን ትሸፍናለች።

አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ብዬ አዝኜላት ተነሳሁ ብል ደስ ባለኝ። አላዘንኩም። ውስጤ የተነሳው ያው የድሮው ነገር ነበር። ድምፅዋ ከእኔ ይበልጣል፣ እሺ። ጭብጨባዋ ይረዝማል፣ እሺ። እማዬን ከእኔ ይልቅ ታስቃለች፣ እሱንም ችያለሁ። በደግነት ደግሞ፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እኔው ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብዬ ልትበልጠኝ? ይህን እንኳ አልሰጣትም አልኩ። ማይኩን ከእጇ ነጠቅኩት፤ ቃል በቃል ነጠቅኩት።

«ምንም አልቆረጠችም» አልኩ። «በሩ በዋናው መጽሐፍ ውስጥ የለም። የነበረኝ ቅጂ አንድ ቅጠል ጎድሎት ነበር፤ እኔ ከራሴ ጻፍኩት። ሠላሳ አንድ ዓመት ያነበባችሁት የእኔን ውሸት ነው።»

ባለ ፋርማሲው መጽሐፉን እንደ ያዘ ቀስ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ ከመስኮቱ በኩል አንድ ወፍራም ድምፅ፣ «መምህርት፣ በዚያ የበሩ ጥያቄ እኮ ከአሥር ሦስት ሰጥተውኛል» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ፊቴ እየነደደ ሚጣ የምታነበውን የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ከቦርሳዋ አወጣሁና የጠፋውን ገጽ እዚያው እየተረጎምኩ አነበብኩላቸው፤ ብርሃኑ በበሩ ሥር እንዴት እንደሚገባ፣ እጁን እንዴት እንደሚያወርድ። ግማሹ ሰው ይህኛው ይሻላል አለ፤ ግማሹ ተቆጥቶ ወጣ። ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ባሉት ቅጂዎች ላይ ማስታወሻ ይለጠፍ የሚል ሐሳብ ቀረበ፣ እኔም ተስማማሁ። የክፍል ኃላፊው የጻፈውን ሰርዞ ሚጣን በሩ ላይ ጠበቃት፤ ስለ ድራማው ሰኞ ቢሮ እንድትመጣ ነገራት።

በታክሲ ስንመለስ እማዬ ከፊት፣ እኛ ከኋላ ነበርን።

«መቼ ነው ያወቅሽው?» አልኳት ሚጣን።

«አራት ወር ሆነኝ።»

«ታዲያ ምነው ሳትነግሪኝ?»

«አንቺ ትነግሪኛለሽ ብዬ» አለች፣ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች።

ቤት ገብተን እማዬን ወንበሯ ላይ አስቀምጠን ጫማዋን አወለቅንላት፤ አንዱን እኔ፣ አንዱን ሚጣ። ትሰድበኛለች ብዬ ስጠብቅ «እንግዲያ በፊልሙ ውስጥ በሩ ጭራሽ አይከፈትም ማለት ነው?» አለች።

«አይከፈትም፣ እማዬ» አልኳት።

«እኔ ደግሞ አሥር ጊዜ ጠበቅኩት» አለች። «ኮቴው ይመጣል፣ ከዚያ ሙዚቃ ይገባል። ዓይኔ ስለማያይ በሩ በዝምታ ተከፍቶ ያመለጠኝ እየመሰለኝ ነው እንደገና ክፈቺልኝ የምልሽ። ምነው ብትነግሪኝ?»

የጫማዋን ማሰሪያ በእጄ ይዤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሚጣ ድምፅ ቀናሁ፤ እማዬ ደግሞ ሦስት ሳምንት ሙሉ የእኔን በር ስትጠብቅ ነበር። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ሚጣ ፊት አላለቅስም።

«መጽሐፉን አውርዱና የበሩን አንብቡልኝ» አለች እማዬ።

ዘልዬ ተነሳሁና ከመደርደሪያው አወረድኩት። አቧራ ይኖረዋል ብዬ ነበር፤ አልነበረውም። ጀርባውን እጄ ላይ ሳስደግፈው በራሱ ተከፈተ፤ የበሩ ገጽ ላይ። የገጹ ጠርዝ በጣት ብዛት ቡናማ ሆኗል። እኔ ትምህርት ቤት ስውል፣ ዓይኗ ሳይደክም፣ ማን ነበር ቤት የሚውለው? ጉሮሮዬን ጠርጌ ልጀምር ስል እማዬ እጇን አነሳች።

«አንቺ ተይው። ሚጣ ታንብበው። አንቺ ስታነቢ ልትፈትኚኝ ይመስለኛል።»

ሰጠኋት። ምን ምርጫ አለኝ? ሚጣ እግሯ ሥር ተቀምጣ በዚያ ድምፅዋ ጀመረች። እውነቱን እናገራለሁ፣ የእኔ ረጃጅም አረፍተ ነገሮች በእሷ አፍ ውስጥ ቦታ አገኙ። የኔው ቃል በሷ ድምፅ አምሮ ስሰማ እንደገና ቀናሁ፤ በገዛ ጽሑፌ ቀናሁ። ከዚያ የእማዬን ከንፈር አየሁ። ይንቀሳቀስ ነበር። ከሚጣ አንድ ቃል ቀድሞ፣ ያለ ድምፅ፣ ሳይሳሳት። ሚጣም አየችው። ድምፅዋን ቀስ በቀስ ዝቅ አደረገች፣ ከዚያ ጨርሳ ዝም አለች። እማዬ ግን አልቆመችም፤ ዓይኗን ጨፍና፣ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ ብቻዋን ቀጠለች። «መብራቱን ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ዛሬስ ራስህ ግባ።»

ሚጣ ከመጽሐፉ ላይ ቀና ብላ አየችኝ። ሃያ ዓመት በሙሉ ድምፅዋን ስትሰጥ ኖራ፣ እማዬ በቃሏ የያዘችላት አንድ መስመር የለም። ያንን አስተያየት ከየትም ቢሆን አውቀዋለሁ፤ እሷ ከተወለደች ጀምሮ የለበስኩት ነው። ደስ አለኝ ብል ግፍ ነው፣ ግን ደስ አለኝ። ትንሽ ቆይቼ ሚጣ ጎን ተቀመጥኩና እማዬ እስክትጨርስ አብረን ሰማናት።